ሃይሉክስ 2.5 ዳገት ላይ ጉልበት ታጣለች፤ ቱርቦ ነው ኢንጀክተር?

የማር ነጋዴው፣ ጅማ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። መካኒክ አይደለሁም፤ ማር ነጋዴ ነኝ። ከጌራና ከቦንጋ ዙሪያ እየሰበሰብኩ አዲስ አበባ አስረክባለሁ። መኪናዬ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ናት። የ2012 ሞዴል፣ 2.5 ዲ4ዲ ናፍጣ፣ ማንዋል ካምቢዮ። ከሦስት ዓመት በፊት ያገለገለች ሆና ነው የገዛኋት። ቆጣሪዋ አሁን 241,000 ይላል። እውነቱን እሷና የድሮ ባለቤቷ ያውቃሉ።

ችግሩ እንዲህ ነው። ከጅማ እስከ ሰኮሩ ሰላም ናት። ግቤ በረሃ ወርደን፣ ድልድዩን ተሻግረን፣ ወደ ወልቂጤ መውጣት ስንጀምር ነገር ይመጣል። በሦስተኛ ማርሽ ደህና እየጎተተች ሳለ ድንገት ከኋላ በገመድ የያዟት ይመስል ትቀራለች። ነዳጅ ብረግጥ አትሰማኝም። ቢጫዋ የሞተር መብራት ቦግ ትላለች። ከዚያ ወዲያ በሁለተኛ መንፏቀቅ ነው። አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ሳይቀር ጥሩምባውን እየነፋ ያልፈኛል።

ዳር ይዤ፣ አጥፍቼ፣ አስር ደቂቃ ያህል ቆይቼ ሳስነሳት ምንም እንዳልተፈጠረ ሆና ትሄዳለች። ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ እንደገና። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ለመነሳት ትለግማለች። ሦስት አራት ጊዜ ቁልፉን ካላዞርኩ እሺ አትልም።

ጭነቴ 30 ባልዲ ነው፤ አንዱ 25 ኪሎ ቢሆን 750 ኪሎ ማለት ነው። ከልክ በላይ አልጫንኩም።

ሁለት ጋራዥ ወስጃታለሁ። አንደኛው ኢጂአር የሚሉትን፣ የተቃጠለውን ጭስ በከፊል ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን፣ አጠበና ገንዘቡን ተቀበለ። ችግሩ ሲመለስ «ቱርቦው ሞቷል» አለኝ፤ ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው ማለት ነው። ሁለተኛው ቱርቦውን አይቶ «ይሄ ምንም አልሆነም፤ አራቱም ኢንጀክተር ይቀየር» አለ፤ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩት ማለት ነው። የአንዱን ኢንጀክተር ዋጋ ስሰማ ወንበር ፈለግሁ። ማን ነው ትክክል? ከመክፈሌ በፊት የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ።


ኤሌክትሪኩ

ሽጣትና ኤሌክትሪክ ግዛ ወንድሜ። ናፍጣ ጊዜው አልፏል።


የማር ነጋዴው፣ ጅማ

እሺ። ጌራ ጫካ ውስጥ ቻርጅ የማደርግበትን ቦታ አንተ አሳየኝ።


ጋሽ ካምቢዮ፣ አዲስ አበባ

ልጄ፣ ሁለቱም ሳይመረምሩ ፈርደዋል። ናፍጣ ሞተር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። «ይቀየር» ከማለቴ በፊት የምጠይቃቸው ነገሮች አሉኝ።

አንደኛ፣ ጉልበት ስታጣ ጭሷ ምን ዓይነት ነው? ጥቁር ከሆነ ነዳጅ እየገባ አየር አንሷል ማለት ነው። ያኔ ቱርቦ፣ የአየር ቱቦ፣ የአየር ፊልትሮ እንፈትሻለን። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላች ነው። ምንም ጭስ ሳይኖር ጉልበት ከጠፋ ግን ነዳጁ ራሱ አልደረሰም። ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግህም፤ የጎን መስታወት ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ቢጫው መብራት ሲበራ ኮምፒውተሩ ኮድ ይይዛል። ያንን ኮድ ማን አነበበው? ቁጥሩ ስንት ነው? ካልነገሩህ አላነበቡትም።

ሦስተኛ፣ የነዳጅ ፊልትሮ መቼ ቀየርክ? ፊልትሮው ሥር የተጠራቀመውን ውሃ አፍስሰህ ታውቃለህ?

አራተኛ፣ ናፍጣ ከየት ነው የምትቀዳው? እውነቱን ተናገር፣ እዚህ ማንም አይከስህም።


የማር ነጋዴው፣ ጅማ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ጭስ የለም። ረዳቴ ወርዶ ከኋላ ቆሞ አይቷል፤ ምንም የለም።

ኮድ አልነገሩኝም። አንዱ ስካነር ሰክቶ ነበር፣ ግን «ብዙ ነገር ይላል» ብሎ አጠፋው።

ፊልትሮው ከስድስት ወር በፊት ተቀይሯል። ውሃ ስለማፍሰስ የሰማሁት ገና አሁን ነው።

ናፍጣውን በተመለከተ... ማደያ ሲኖር ከማደያ ነው። ሰልፉ ሁለት ቀን ሲሆንና ማሩ ሲጠብቀኝ ግን በጀሪካን ከሚሸጡት እገዛለሁ። ግን ዝም ብዬ አልቀዳም። በጨርቅ አጠራዋለሁ።


ሰመራ በርሃ

በሰው ጉዳይ ጥልቅ አልኩ እንዳትሉኝ። አፋር ውስጥ ለእርዳታ ድርጅት እነዳለሁ፤ የያዝኩትም ይህችኑ መኪና ነው። እኛ ጋ ሁለት የነዳጅ ፊልትሮ ከወንበር ሥር ሳይኖር ሾፌር ከግቢ አይወጣም። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሳትነሳ በፊት የፊልትሮውን የታች ቡሎን ላላ አድርጌ በቆርቆሮ እቀበላለሁ። ውሃ ከባድ ነው፤ ሌሊቱን ሥር ይወርዳል። ንጹህ ናፍጣ መምጣት ሲጀምር አጠብቃለሁ። ከዚያ ከላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ እስክትጠነክር መጫን ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሌላው፣ ዳገት ላይ በከፍተኛ ማርሽ አታስጨንቃት። ሦስተኛ ከከበዳት ሳትለምንህ በፊት ሁለተኛ አስገባ። ብዙ ሾፌር ማርሽ መቀነስ ሽንፈት ይመስለዋል።


ሜልቦርን 2.8

ሰላም፣ ከአውስትራሊያ ነኝ። የእኔ አዲሱ ሞዴል ነው፣ 2.8። በትክክል እንደዚህ ሆናብኝ ነበር። ዲፒኤፍ የሚሉት የጥቀርሻ ማጣሪያ ጭስ ማውጫዋ ላይ አለ። እኔ ልጆች ትምህርት ቤት ለማድረስ ብቻ ስለምነዳት ማጣሪያው ሳይሞቅ፣ ጥቀርሻውን ሳያቃጥል ሞላ። አሁን በየሳምንቱ አንዴ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ፈጣን መንገድ ላይ እወስዳታለሁ። ደህና ናት። ይህን ብታይስ?


ጋሽ ካምቢዮ፣ አዲስ አበባ

ሜልቦርን፣ ያልከው ላንተ መኪና እውነት ነው። እሱ የያዛት 2.5 ግን ከባህረ ሰላጤው በኩል የገባችው ዓይነት ከሆነች ያ ማጣሪያ የላትም። ደግሞ ከጅማ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ሞተሩ አልሞቀም አይባልም።

ማር ነጋዴው፣ አሁን ያንተ ነገር መልክ እየያዘልኝ ነው። እንዴት እንደምትሠራ ልንገርህ፣ ከዚያ ማንም አያታልልህም።

ይህች ሞተር ታንኩ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚገፋ ፓምፕ የላትም። ከፊት ሞተሩ ላይ ያለው ፓምፕ ራሱ ነው ናፍጣውን ከኋላ ታንክ ድረስ የሚመጠው፣ ልጅ ለስላሳ በገለባ እንደሚጠጣው። መንገድ ላይ በፊልትሮው ያልፋል። ከዚያ ፓምፑ ጨምቆ ሬል ወደሚባለው ወፍራም ቱቦ ያስገባዋል። እዚያ ያለው ግፊት ዳገት ላይ ከ1,000 ባር በላይ ነው። ጎማህ ውስጥ ያለው 2 ባር አካባቢ እንደሆነ አስብ። ኢንጀክተሮቹ ከሬሉ እየወሰዱ ይረጫሉ።

ገለባው በከፊል ከተደፈነ ልጁ ቀስ ብሎ ሲጠጣ ይበቃዋል። ሜዳ ላይ እንደዚያ ነው። ዳገት ላይ ብዙ ሲፈልግ አይደርሰውም። ኮምፒውተሩ «ይህን ያህል ግፊት ይኑር» ብሎ ያዛል፤ ሬሉ ውስጥ ግን የለም። ያኔ ሞተሩን ለመጠበቅ ጉልበት ይቀንስና መብራቱን ያበራል። ስካነር የያዘ ሰው ፈልግ። ኮዱ ፒ 0087 ከሆነ የሬሉ ግፊት ዝቅ ብሏል ማለት ነው። «ኢንጀክተር ቀይር» የሚል ኮድ ግን አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

አጥፍተህ አስር ደቂቃ ስትቆይ የሚሻላት መሆኑ ደግሞ ጠርጣራ አድርጎኛል። የሞተ ቱርቦ አርፎ አይድንም። ከመምጠጫው አፍ ላይ የተለጠፈ ቆሻሻ ግን መሳቡ ሲቆም ይላቀቃል።

አሁን በመጀመሪያ ፊልትሮውን አውርደህ ያለውን ናፍጣ ንጹህ ጠርሙስ ውስጥ ገልብጥ። ፎቶ ማንሳት ባትችል እንኳ ያየኸውን ጻፍልን።


ከሻርጃ

ፊልትሮ ስትገዛ ተጠንቀቅ። እዚህ ሻርጃ ያገለገለ ዕቃ ተራ እሠራለሁ፤ ካርቶኑ ከኦሪጅናሉ የማይለይ ፎርጅድ በየቀኑ አያለሁ። አሮጌውን ስታወርድ በመጋዝ ቁረጠውና ክፈተው። ወረቀቱ የሳሳ፣ እጥፋቱ የተራራቀ፣ ጫፉ ላይ ማጣበቂያው የለቀቀ ከሆነ ናፍጣው ሳይጣራ በጎን ያልፍ ነበር ማለት ነው።

ኢንጀክተር የግድ ከሆነም ከአደጋ መኪና የወጣ አትግዛ። በብዙዎቹ ላይ የራሱ ኮድ አለው፤ ሲቀየር ኮምፒውተሩ ላይ መመዝገብ አለበት። ያንን የማያውቅ ሰው ገጥሞልህ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ «አዲሱም ተበላሽቷል» ይልሃል።


የማር ነጋዴው፣ ጅማ

ከአራት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ጉድ ላውራችሁ።

ፊልትሮውን ፈታሁ። እኔ ራሴ፣ ከጎረቤት ቁልፍ ተውሼ። ናፍጣውን ማር ለደንበኛ የማሳይበት ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ገለበጥኩት። ለሩብ ሰዓት አስቀመጥኩት። ሥሩ ላይ ሁለት ጣት የሚሆን ውሃ ለብቻው ቁጭ አለ። ከውሃው በላይ ቡናማ ዝቃጭ። ከእሱ በላይ ናፍጣ። በሦስት ቀለም እንደተሠራ ጁስ።

ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስኳር የበጠበጠበት ማር ሲያመጣልኝ በማንኪያ አንስቼ፣ አፈሳሰሱን አይቼ፣ «ይሄንን ወደ ቤትህ» የምል ሰው ነኝ። ለናፍጣ ሲሆን ዓይኔን ጨፍኜ ከፍያለሁ።

በዚያ ላይ ውሃ ሲኖር መብራት የሚያበራው ሴንሰር ከፊልትሮው ሥር መገጠም ነበረበት አይደል? ገመዱ ተንጠልጥሎ በላስቲክ ታስሯል። ባለፈው የቀየረው ሰው ወደ አዲሱ ማዛወር ሰልችቶት ነው መሰለኝ። ለካ መብራቱ በርቶ የማያውቀው መኪናዋ ጤነኛ ስለሆነች አይደለም!

ፊልትሮውን ቆርጬ ከፈትኩት። የሻርጃው ወንድማችን እንዳለው ነው። ወረቀቱ ከጫፉ ለቋል።

አዲስ ገዛሁ፤ በዚህኛው ጠና ያለ ዋጋ ከፍዬ። ሴንሰሩን አዛወርኩ። በእጅ ፓምፗ አየሩን አስወጣሁ። በማግስቱ ጠዋት በአንድ ቁልፍ ተነሳች! ደስታዬን አትጠይቁኝ። ጭኜ ወጣሁ።

ግቤ ላይ ያው ናት። ትንሽ ዘገየች እንጂ ያው ቀጥ አለች። ወልቂጤ ስካነር ያለው ልጅ አገኘሁ። ኮዱ ፒ 0087። ጋሼ፣ እጅ ነስቻለሁ። አሁን ኢንጀክተር ነው?


ቆራጩ

ኢጂአሩን በቆርቆሮ አፍነው። እኔ ካፈንኩ በኋላ መኪናዬ ወፍ ሆነች።


ጋሽ ካምቢዮ፣ አዲስ አበባ

ቆራጩ፣ የእሱ ችግር ናፍጣ አለመድረስ ነው። ኢጂአር ማፈን እዚህ ላይ ምን ያደርጋል? ዓይኑን ለታመመ ሰው ጫማ እንደመግዛት ነው።

ማር ነጋዴው፣ ገና አይደለም። ጠዋት በቀላሉ መነሳቷ አንዱ በሽታ መዳኑን ነው የሚነግረን፤ አሮጌው ፊልትሮ አየር ያስገባ ነበር። የቀሩት ሦስት ተጠርጣሪዎች ናቸው። ታንኩ ውስጥ ያለው መምጠጫ፣ ፓምፑ ላይ ያለው የነዳጅ መጠን የሚቆጣጠረው ቫልቭ፣ ኢንጀክተሮቹ። ከርካሹ እንጀምር።

ያ ስካነር ያለው ልጅ ሞተሩ ሞቆ ሳለ የአራቱን ኢንጀክተር ማስተካከያ ቁጥር ያንብብልህ፤ ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ምን ያህል ናፍጣ እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ የሚያሳይ ነው። ወደ ዜሮ የቀረበ ጥሩ ነው። ከ3 ያለፈ፣ በመደመርም በመቀነስም፣ ያ ኢንጀክተር ተጠርጣሪ ነው።

ቀጥሎ የጀሪካን ፈተና። አዲስ፣ የታጠበና የደረቀ አምስት ሊትር ጀሪካን ውስጥ ከማደያ የተቀዳ ንጹህ ናፍጣ አድርጉ። ከታንኩ የሚመጣውን ቱቦ ፊልትሮው ጋ ንቀሉና በምትኩ ከጀሪካኑ እንድትመጥ አድርጉ። የሚመለሰውንም ቱቦ ወደ ጀሪካኑ አስገቡት፤ አለዚያ ቶሎ ያልቅባችኋል። ጀሪካኑ ከጭስ ማውጫውና ከቱርቦው የራቀ፣ በደንብ የታሰረ ይሁን። ይህን መካኒክ አብሮህ ሳይኖር አታድርገው፤ ናፍጣ ትኩስ ብረት ላይ ከፈሰሰ ቀልድ የለውም። ከዚያ ዳገት ውጣ። ከጀሪካን ስትጠጣ ጉልበቷ ከተመለሰ ከፊልትሮው ወዲህ ያለው ሁሉ ነጻ ነው። ወንጀለኛው ታንኩ ውስጥ ነው።

አንድ ጥያቄ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ናፍጣውን «በጨርቅ አጠራዋለሁ» ብለህ ነበር። ምን ዓይነት ጨርቅ ነው?


የማር ነጋዴው፣ ጅማ

ማር የምናጠራበት። ነጭ የጥጥ ጨርቅ። ለምን?


ሰመራ በርሃ

ወይኔ።


የማር ነጋዴው፣ ጅማ

ሳምንት ሆነኝ፣ ይቅርታ። ጭነት ላይ ነበርኩ። ውጤቱን ልንገራችሁ።

የኢንጀክተሮቹ ቁጥር ሦስቱ ከ1 በታች፣ አንዱ 1.8። ልጁ «እነዚህን ቀይር ያለህ ሰው ይቅር ይበለው» አለ።

የጀሪካን ፈተናውን ከወልቂጤ መካኒክ ጋር ሠራነው። ባዶዋን አይደለም፤ ባልዲዎቹን እንደጫንኩ። እስከ ድልድዩ ወርደን አዙረን ወጣን። ወንድሞቼ፣ በሦስተኛ ማርሽ ያለ ምንም ማጉረምረም ወጣች። ያ ሁልጊዜ የምትቆምበት ኩርባ ላይ ስንደርስ ትንፋሼን ይዤ ነበር። አለፈችው። መካኒኩ መሪውን እየመታ «ታንክ ነው! ታንክ ነው!» ይላል፤ ረዳቴ ኋላ ወንበር ላይ ሆኖ ያጨበጭባል። ቢጫዋ መብራትም አልበራችም።

በማግስቱ ታንኩ ወረደ። የመምጠጫዋ ቱቦ ጫፍ ላይ ትንሽዬ ወንፊት አለች። ወንፊቷ ነጭ ጺም አብቅላለች! የጥጥ ክር ነው። ከእኔው ጨርቅ በየጊዜው እየተላቀቀ የገባ፣ ከዝቃጩ ጋር ተላቁጦ እንደ ሰም የሆነ። ሳጠራ ያቆሸሽኩት እኔው ነኝ። ጨርቁ ደግሞ ውሃውን አላስቀረልኝም፤ እሱ እንደሆነ ከናፍጣው ጋር ሰተት ብሎ ያልፋል።

 

ታንኩ ታጠበ፣ ደረቀ። ቱቦው በአየር ተነፋ፣ ወንፊቷ ጸዳች። ፊልትሮውንም ለጥንቃቄ እንደገና ቀየርኩ። ጠቅላላ ወጪዬ የእጅ ዋጋን ጨምሮ የአንድ ኢንጀክተር ሩብ አልሞላም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ደርሼ ተመልሻለሁ። ለናፍጣ ሰልፍ ደግሞ አሁን ምሳ ቋጥሬ ነው የምሄደው።


ጋሽ ካምቢዮ፣ አዲስ አበባ

ተመስገን። ፓምፑ ላይ ያለው ቫልቭ ግን ያንን ሁሉ ውሃ ጠጥቷል፤ ለጊዜው ዝም ቢልም አትርሳው። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ድምፁ ከፍ ዝቅ ማለት ከጀመረ፣ ወይም ነዳጅ ስትለቅ ድንገት ከጠፋች፣ ያኔ እሱን ነው የምታየው።

አሁን ደግሞ ሳልጠይቅህ የቆየሁት። 241,000 ብለሃል። የታይሚንግ ቺንጋው፣ ፒስተንና ቫልቮላን በጊዜያቸው የሚያስኬደው ቀበቶ፣ መቼ ተቀየረ? አዲሶቹ 2.4ና 2.8 በሰንሰለት ነው የሚሠሩት፤ ያንተዋ ግን ቺንጋ ናት። ጊዜው ሲደርስ ዳሽቦርድ ላይ መብራት ይበራል። ነገር ግን ሻጮች መብራቷን ብቻ አጥፍተው ቺንጋውን እንዳለ ይተዉታል። በዚህ አቧራና ዳገት እኔ 100,000 ላይ እቀይራለሁ። ከተበጠሰ ፒስተኑ ቫልቮላውን ይመታና ቴስታ፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ይወርዳል። ያኔ የኢንጀክተሩ ዋጋ ይናፍቅሃል።


የማር ነጋዴው፣ ጅማ

ጋሼ፣ እኔ ከገዛኋት ወዲህ አልተቀየረም። ከዚያ በፊት ያለውን አላውቅም። የሸጠልኝን ሰው ደወልኩለት፤ «ተቀይሯል መሰለኝ» አለኝ።


ጋሽ ካምቢዮ፣ አዲስ አበባ

«መሰለኝ» የሚባል ቺንጋ የለም። እስኪቀየር ድረስ ግቤን ጭነህ አትውረድ። ቺንጋውን ከነመወጠሪያ ኩሽኔታው ግዛ፤ የውሃ ፓምፑንም እዚያው ሲከፈት ያዩት።


የማር ነጋዴው፣ ጅማ

እሺ። ማክሰኞ ባዶዋን ይዣት እመጣለሁ፣ ጋራዥህ የት ሰፈር እንደሆነ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ባዶ ስል፣ ለአንተ አንድ ባልዲ አለ።


ጋሽ ካምቢዮ፣ አዲስ አበባ

በጨርቅ ያልተጣራ ይሁን።